ከሁሉም ትንሽ ትንሽ መቅመስ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን አጣምሮ የሚያስተምር የመጀመሪያ ዲግሪ እንደ ቅምሻ መታየቱ ያሳዝናል። ሳይንሶቹ በአንድ ችግር ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት የጣና ሐይቅን እምቦጭ እንውሰድ። አረሙ በየ2 ሳምንቱ እጥፍ ቢሆን በ10 ሳምንት 32 እጥፍ ነው፤ ይህ ሒሳብ ነው። የሚመገበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከማሳ በጎርፍ ታጥቦ ይገባል፤ ኬሚስትሪ። ቢታጨድም ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ባዮሎጂ።

ተማሪውን የሚጥለው ግን የኮርስ ቅደም ተከተል ነው። ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ (የካርቦን ውህዶች ጥናት) በፊት በእሱ ላይ የሚገነባውን ባዮኬሚስትሪ (የሕያዋን አካል ኬሚስትሪ) የወሰደ ሸምድዶ ያልፋል እንጂ አይገባውም። ካልኩለስና ስታቲስቲክስ 1ኛ ዓመት ላይ ይጠናቀቁ። 2ኛው ዓመት ሳያልቅም አንድ ዋና ዘርፍ ይመረጥ፤ አለዚያ ለማስተርስ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት መነሻ ኮርሶች ጎድለው ይገኛሉ፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

የሳይንስ መምህራን፣ ከጎንደር