ኮቶቡኪ የጁፒተር ግልባጭ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቀደምት የጃፓን አውሮፕላን ሞተሮች ሲጻፍ የናካጂማ ኩባንያ ሞተር «ኮቶቡኪ» የእንግሊዙ ብሪስቶል ጁፒተር ግልባጭ ነው መባሉ መታረም አለበት። እርግጥ ናካጂማ ጁፒተርን በፈቃድ ሠርቷል። በስሙም ውስጥ ፍንጩ አለ፤ «ረጅም ዕድሜ» የሚል ትርጉም ያለው የኮቶቡኪ ፊደል «ጁ» ተብሎም ይነበባል። ሞተሩን የሚለየው ግን ልኩ ነው። ጁፒተር፣ ኮቶቡኪና የአሜሪካው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ዋስፕ ሦስቱም ባለ ዘጠኝ ሲሊንደር ናቸው፤ የሲሊንደራቸው ውስጣዊ ስፋትም 146 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱን ብቻ የለካ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። የፒስተኑን ምት፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለስበትን ርዝመት፣ ይለኩ፦ ጁፒተር 190፣ ኮቶቡኪ 160፣ ዋስፕ 146 ሚሊ ሜትር። ስለዚህም ጠቅላላ ይዘታቸው 28.7፣ 24.1 እና 22 ሊትር ገደማ ይሆናል። ኮቶቡኪ ከሁለቱም የተማረ፣ ራሱን የቻለ ንድፍ ነው።

የስያሜው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል «ሳካኤ» ያለውን ሌላ የናካጂማ ሞተር ምድር ጦሩ «ሃ-25» ይለው ነበር፤ በኋላ በሁለቱ የጋራ አጠራር «ሃ-35» ተባለ። ይህን ሦስት ሞተር አድርጎ መዘርዘር ስሕተት ነው። በጋራ ስያሜው 3 ባለ 14 ሲሊንደር መሆኑን፣ 5 ደግሞ 130 በ150 ሚሊ ሜትር የሆነውን ስፋትና ምት ያመለክታል።