ሊጡ ይንሳፈፍ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘህ ኮሎራዶ ያለው ኦሮራ ሐይቅ ዓሣ ልታጠምድ እንደምትወርድና ባልዲው ባዶውን እንደሚመለስ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን ከተመለሰ ሌላ ቀን አብሮህ አይመጣም።

ወንድሜ፣ የዚያ ሐይቅ ዓሣ ቆቃ ላይ የለመድከው ዓሣ አይደለም። አምባዛ ጭቃ ላይ እያሸተተ ስለሚለቅም ከባድ እርሳስ፣ ወፍራም ናይለንና ከታች የተጋደመ ትል ይበቃዋል። እዚህ የምትፈልገው ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። የኮሎራዶ ግዛት በማርቢያ ገንዳ ያሳድገውና 10 ኢንች ገደማ ሲደርስ በመኪና አምጥቶ ይለቀዋል። በገንዳው ምግቡ ከላይ ሲበተንለት ስላደገ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ሣርና ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ትል አጠገቡ ቢኖር እንኳ አያየውም። ማባበያህ ከመሬት ተነስቶ መንሳፈፍ አለበት፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ዋናው ክር ከ4 እስከ 6 ፓውንድ የሚችል ቀጭን ናይለን ይሁን። መሃሉ የተበሳ፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ሩብ አውንስ እርሳስ ክሩ ላይ ስካ፤ ቀጥሎ ትንሽ ዶቃ አስገባና ስዊቭል፣ ማለት ሁለት ክር የሚያገናኝ ተሽከርካሪ የብረት ማያያዣ፣ እሰር። ዶቃው እርሳሱ ቋጠሮውን እየመታ እንዳይበላው ይከላከላል። ከስዊቭሉ ማዶ 24 ኢንች ያህል ባለ 4 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር፣ ጫፉ ላይ ቁጥር 16 ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ። ቋጠሮውን ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አርጥበው። በደረቁ የተሳበ ቀጭን ክር በፍትጊያው ሙቀት ይደክማል፣ ዓሣው ሲስብ እዚያው ላይ ይበጠሳል።

ማባበያው ፓወርቤይት የሚባለው ተንሳፋፊ ሊጥ ነው። መንጠቆው እስኪሸፈን የሽምብራ ያህል አድቦልብልበት። ሳትወረውር በፊት እግርህ ሥር ውሃው ውስጥ ጣልና እየው፦ ከሰመጠ ሊጥ ጨምር፣ ወይም መንጠቆውን ወደ ቁጥር 18 አሳንስ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ቀኑን ሙሉ የሰመጠ ሊጥ ይጠብቃል። እርሳሱ ታች ሲቀመጥ ሊጡ ከፍ የሚለው በፍሎሮካርቦኑ ርዝመት ልክ ስለሆነ፣ ሣር በበዛበት ቦታ እስከ 36 ኢንች አስረዝመው። ከወረወርክ በኋላ ክሩን ወጥረህ እርሳሱ መቀመጡን እወቅ፤ ከዚያ ትንሽ አላላውና የሪሉን፣ ማለት የክር መጠቅለያውን፣ ሽቦ ክፈተው። ዓሣው ክሩን በእርሳሱ ቀዳዳ እየጎተተ ሲሄድ ክብደት አይሰማውም፤ ከተሰማው ወዲያው ይተፋዋል። ክሩ መሮጥ ሲጀምር ሽቦውን ዝጋና ዘንጉን ቀስ ብለህ አንሳ። እንደ አምባዛ አትመንጭቀው፣ አፉ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል።

ቦታውን የሚወስነው የውሃው ሙቀት ነው። ትራውት ከ50 እስከ 60 ፋራናይት ባለ ውሃ ይመቸዋል፤ ስለዚህ በሚያዝያና በጥቅምት ዳር ድረስ ይመጣል። ላይኛው ውሃ 68 ሲያልፍ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ በሐምሌ እኩለ ቀን ከዳር ሆኖ እሱን መጠበቅ ድካም ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ውረድ። ርካሽ ቴርሞሜትር በክር አስረህ ያዝ። ዓሣ በተለቀቀ ሰሞን ጀልባ በሚወርድበት አካባቢ በመንጋ ይዞራል። ነፋስ ሲኖር ደግሞ ፊትህን ወደ ነፋሱ አዙር፤ ነፋሱ የሐይቁን ምግብ የሚገፋው አንተ ወዳለህበት ዳር ነው። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከሰማህ ግን ዘንጉን አስቀምጥና ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገባ። የግራፋይት ዘንግ መብረቅ ያስተላልፋል።

16 ዓመት የሞላው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለሁለተኛ ዘንግ ተጨማሪ ይከፈላል። የትራውት ገደብ በቀን 4 ነው። ሊጥ የዋጠ ዓሣ መንጠቆው አንጀቱ ድረስ ስለሚገባበት ቢለቀቅም ብዙውን ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ በሊጥ የያዝከውን ቁጠርና ውሰድ፤ ገደቡ ሲሞላ ክሩን ጠቅልል። ያለመጠን ያነሰ ነው ብለህ መልቀቅ ካለብህም መንጠቆውን አትጎትት፣ ክሩን አፉ አጠገብ ቁረጥለት፣ እጅህንም አርጥብ።

ባልዲውን ተወው። ፀሐይ ላይ በሞቀ ውሃ የቆየ ትራውት ሥጋው ይላላል። ወዲያው ግደለው፣ ሆዱን ከፊንጢጣው እስከ ጉሮሮው ሰንጥቅ፣ ስንጥቡንና ሆድ ዕቃውን አውጣ፣ አከርካሪውን ተከትሎ ያለውን ጥቁር ደም በአውራ ጣትህ ጥፍር ፋቅ፣ በረዶ ውስጥ አስገባ። ቅርፊቱ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ቆሮሶ መፋቅ አያስፈልግም።

የፊታችን ቅዳሜ ስትወርዱ የውሃውን ሙቀት ለክተህ ጻፍልኝ፤ የት ቦታ መቆም እንዳለብህ እመልስልሃለሁ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው ጓደኛህ