እምዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትጠራው ስም

ይድረስ ለማልረሳሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከጠፋሁብሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ተቀይመሽኝ ከሆነ አልፈርድብሽም። ምክንያቱን ግን ዛሬ ልንገርሽ።

መጨረሻ የላክሽልኝ መልእክት አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። «አገር ቤት ከገባሽ እምዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ» ይላል። ሲደርሰኝ አያቴ እምዬ ከተቀበረች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። እሷው ቤት፣ እሷው መደብ ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ምን ብዬ ልመልስልሽ? «እሺ» ማለት አልቻልኩም። «የለችም» ብዬ እንዳልጽፍም እጄ አልታዘዝልኝ አለ። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ጊዜው ነጎደ።

እኔም አልደረስኩላትም። ነሐሴ ነበር፤ የአምባሰልን ዝናብና ጭቃ ታውቂዋለሽ። የደረስኩት ለሠልስቷ ነው። ግሸንን ጉም ውጧት ነበር። እምዬ በየዓመቱ መስከረም 21 በእግሯ የምትወጣው ያ መስቀል የሚመስል አምባ አልታይ አለኝ። ከዚያ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምታመጣውን እምነት፣ የተባረከውን አፈር፣ ግንባራችን ላይ የቀባችን ትዝ ይልሻል?

እምዬ ዘንድ አብረን የሄድንበት ያ ክረምት ከዓይኔ አይጠፋም። 12 ዓመታችን ነበር። አንቺ ጫማሽ ጭቃ ውስጥ ቀርቶብሽ እያለቀስሽ ገባሽ። እምዬ ደጅ ላይ ጠብቃን እግራችንን ራሷ አጠበችን። ማታ ልትተኛ ስትዪ የጠየቀችሽ ስለ ትምህርትሽ አልነበረም። «የክርስትና ስምሽ ማን ነው፣ የኔ ልጅ?» አለችሽ።

ዝም አልሽ። እናትሽ ለማንም እንዳትናገሪ ብለው አስጠንቅቀውሽ ነበር። እምዬ ገባት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠችሽ። እኔ የልብ ጓደኛሽ የማላውቀውን ስም ለእሷ በሹክሹክታ ነገርሻት። ትንሽ ቀንቼ ነበር፤ ያኔ አልነገርኩሽም።

እምዬ ዶሮ ሲጮህ ትነሳለች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ ምሥራቅ ትቆማለች። ፊደል አልቆጠረችም። ግን የሰባቱን ቀን ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታደርሳለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ቆማ በመስማት ብቻ የያዘችው ነው። እሱን ስትጨርስ የስሞቹ ተራ ይመጣል። እኔ ከእንቅልፌ የምነቃው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የምትጠራው በ1977ቱ ድርቅ የሞተችባትን ትንሿን ልጇን ነው። ስለዚያች ልጅ ቀን ላይ ስታወራ አንድም ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። ጎህ ሳይቀድ ግን ስሟን ሳትጠራ የዋለችበት ቀን የለም። ከዚያ ባሏን፣ አያቴን። ከዚያ በሕይወት ያለነውን፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ። አራስ ካለች፣ መንገደኛ ካለ፣ የታመመ ካለ ይጨመራል። የታች ቤቱ ሼህ የክርስትና ስም ስለሌላቸው «ደጉን ጎረቤቴን» ትላቸዋለች። መጨረሻ ላይ ድምጿ ዝቅ ይላል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ የምትለው አይሰማም። ያ ያንቺ ተራ ነው።

እኔ ትልቅ ሰው ሆኜም፣ አንቺ ባሕር ማዶ ከሄድሽም በኋላ፣ እሷ ዘንድ ባደርኩ ቁጥር ያቺን ዝቅ ያለች ድምፅ እጠብቃለሁ። አንድ ሌሊት ማን ብላ እንደምትጠራሽ ጠየቅኋት። «ለኔ የተሰጠኝ አደራ ነው» አለችኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

ፍልሰታ ላይ የሆነውን ደግሞ አንቺም አትረሺውም። ቅዳሴ ሳይወጣ ርቦሽ ከዛፉ ጀርባ ቆሎ በላሽ። ከዚያ እመቤታችን ተቆጣችኝ ብለሽ ስታለቅሺ እምዬ እቅፏ ውስጥ አስገባችሽ። «እመቤቴ እናት ናት። ልጄ ለምን ራባት ብላ የምትቆጣ እናት የት አለች?» አለችሽ። ለራሷ ግን እንዲህ አትራራም። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን እንዴት እንደምትጾም አይተናል። ረቡዕና ዓርብ የላሟን ወተት ለሼሁ ልጆች ትልክ ነበር። አያቴ ካረፈ በኋላ ቆብ ደፋች። አገሩ ሁሉ እማሆይ ሲላት እኛ ብቻ እምዬ ከማለት አልወጣንም።

መጨረሻዋንም ልንገርሽ። ታማ ሳለች ፍልሰታ ገባ። ሐኪሙ ወተት ጠጪ ቢላት እምቢ አለች። የንስሐ አባቷ መጥተው ፈቀዱላት። ብኖር ኖሮ አትቀበልም ብዬ እከራከር ነበር። አክስቴ እንደነገረችኝ ግን ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች። «ከጾሜ የአባቴ ቃል ይበልጥብኛል» አለች። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አለቅሳለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችውን ጾም እንዲያ በቀላሉ ለመታዘዝ ስትል ተወችው።

ባረፈች ቀን ሼሁ የቅሬውን፣ የቀብር ማኅበሩን፣ ሰው ይዘው መጥተው ከወንድሞቼ ጋር ቃሬዛዋን ተሸከሙ። ሳገኛቸው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻሉም።

አክስቴ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ስም ትጠራ ነበር ብላኛለች። ሁሉንም ጠርታ መጨረሻው ላይ ድምጿ ጠፋ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር አለችኝ። አክስቴ ደክማ ነው ትላለች። እኔ ግን ሳልኖርም አውቄዋለሁ። ያንቺ ተራ ደርሶ ነው።

አሁን ስሞቹን እኔ ለመጥራት እየሞከርኩ ነው። እንደ እሷ ዶሮ ሲጮህ አልነሳም፤ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ትንሽ እቆማለሁ። ከትንሿ ልጇ እጀምራለሁ። ጎረቤቷንም አልረሳም። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን የምለው አጣለሁ።

በነሐሴ ሁለት ዓመቷ ይሞላል። ለመታሰቢያዋ እሄዳለሁ። እሷ ስትጠራቸው የነበሩትን ስሞች ሁሉ ለንስሐ አባቷ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ያንቺ እንዲቀር አልፈልግም። እናትሽ ያስጠነቀቁሽን አልረሳሁም። ለኔ መንገር ካልፈለግሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ አሽገሽ ላኪልኝ። ሳልከፍተው እሰጣቸዋለሁ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ