ጉዳዩ፦ የ8ኛ ክፍል የሂሳብ የቤት ሥራን ይመለከታል

ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን 4,294,967,297 የተባለው ቁጥር ነው። የሂሳብ መምህራችን ተማሪዎች የዚህን ቁጥር ከ1 የሚበልጥ ትንሹን አካፋይ በእጃቸው እየሠሩ እንዲፈልጉ ካዘዙ ወዲህ ከበርካታ ወላጆች ቅሬታ ደርሶናል። ይበልጥ ያሳሰበን ግን ብዙ ደብተሮች አንድም የማካፈል ሥራ ሳይታይባቸው «641» የሚል መልስ ብቻ ይዘው መምጣታቸው ነው።

ቁጥሩ ለልጅ ከብዷል ትሉ ይሆናል። ትልቅነቱን አንክድም፤ ነገር ግን በ7 መጨረሱ 2ንና 5ን፣ የአሃዞቹ ድምር 59 መሆኑም 3ን ከአካፋይነት እንደሚያስወጣ ልጆቹ በታችኛው ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በኋላም በጭፍን እንዲሞክሩ አልተተዉም። ቁጥሩ የተገኘው 32 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመደመር ስለሆነ፣ ማንኛውም ብቸኛ (ፕራይም፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) አካፋዩ ለ64 ሲካፈል 1 እንደሚተርፍ የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ያረጋገጠውን ሕግ መምህሩ በሰሌዳ ጽፈውላቸዋል። በዚህ ሕግ መልሱ እስኪገኝ ድረስ የሚፈተኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። አምስት ጊዜ ማካፈል የ8ኛ ክፍል ተማሪን ማሰቃየት ነው የሚለውን ቅሬታ፣ በአክብሮት፣ አንቀበለውም።

ስልክ በሴኮንድ የሚያወጣውን ለምን ያደክሟቸዋል ለምትሉም፣ የጠየቅነው መልሱን ሳይሆን ሥራውን መሆኑን ደግመን እንገልጻለን። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640፣ የሚባዙት ሁለቶች ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ በእጥፍ ሲሄድ በዚህ ዓይነት የሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ እንደሆኑ ያምን ነበር፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 በእርግጥም ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው ይኸው የእኛ ቁጥር ነው፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1732 ኦይለር 641 እንደሚያካፍለው እስኪያሳይ ድረስ ግምቱ ሳይፈርስ ቆይቷል። አምስት ጊዜ የሠራ ነገር በስድስተኛው ሊፈርስ እንደሚችል አንድ ልጅ በራሱ እርሳስ ደርሶበት ቢያየው፣ ከዚህ የሚበልጥ የሂሳብ ትምህርት እኛ አናውቅም። ማረጋገጫውም ሩቅ አይደለም፤ ቁጥራችን ለ641 ሲካፈል የሚገኘውን 6,700,417ን በ600፣ በ40 እና በ1 አባዝቶ ሦስቱን መስመር መደመር ነው።

ለኑሮ ምን ይጠቅማል ለሚለውም፣ በኢንተርኔት የሚላክ መረጃ ከሚጠበቅባቸው ስልቶች አንዱ የሆነው አርኤስኤ የቆመው እጅግ ትልቅ ቁጥርን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ መበተን አስቸጋሪ በመሆኑ ላይ ነው።

ስለዚህ መልስ ብቻ የተጻፈባቸው ደብተሮች ተመልሰዋል፤ እስከ ሰኞ አምስቱም የማካፈል ሥራዎች ከነቀሪያቸው ተሠርተው ይምጡ። ልጁ 449 ላይ ቢቆም እዚያው ያቁም፣ ባልጨረሰው ማርክ አይቀነስበትም። እርሳሱን ግን እባካችሁ ለእርሱ ተዉለት።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር