ከፍላስኩ የወጣው ጋዝ፦ የኬሚስትሪ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የኬሚስትሪ ክበባችን በዚህ ዓመት አዳዲስ አባላትን ተቀብሎ፣ አመራሩን መርጦና የቤተ ሙከራ የጥንቃቄ ደንቦችን አስጠንቶ መደበኛ ስብሰባዎቹን አካሂዷል። የክበቡን ሥራ አረፋ ከማየት ለይተው የማያዩ ወገኖች ስላሉ ግን ዋናውን ተግባራችንን ዘርዘር አድርጌ ማቅረብ ይገባኛል።

ተግባሩ ከአሲድና ከካርቦኔት አጸግብሮት የሚወጣውን ጋዝ ይዘት አስቀድሞ አስልቶ በሙከራ ማረጋገጥ ነበር። አንድ ሞል (ኬሚስቶች የንጥረ ነገርን መጠን በቅንጣቶቹ ብዛት የሚለኩበት አሃድ) ካልሲየም ካርቦኔት ከሁለት ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። አንዱ ሞል ካርቦኔት 100 ግራም ስለሚመዝን የተጠቀምንበት 0.5 ግራም 0.005 ሞል ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ1 አትሞስፌር ግፊት አንድ ሞል ጋዝ 24.5 ሊትር ገደማ ስለሚይዝም 122.5 ሚሊ ሊትር ያህል ጋዝ ይጠበቃል። ካርቦኔቱ ተሟጥጦ እንዲያልቅ 1 ሞላር (በአንድ ሊትር 1 ሞል የያዘ) አሲድ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃ ነበር፤ እኛ 15 ተጠቀምን።

መጀመሪያ ላይ ውታፉ እስኪገጠም ጋዙ እያመለጠ አስቸገረን፤ አሲዱን በትንሽ የሙከራ ቱቦ ፍላስኩ ውስጥ አቁመን፣ ከከደንን በኋላ በማዘንበል ይህን አስወገድን። ያም ሆኖ ውሃ ሞልተን በገለበጥነው ሲሊንደር የተሰበሰበው ጋዝ ከስሌቱ ማነሱን ቀጠለ። ብዙዎቹ ስሌቱን ደጋግመው ሲፈትሹ፣ አንዲት ዝምተኛ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲሊንደሩ እንዳይነሳ ለመነችን። አረፋው ካቆመም በኋላ በውስጡ ያለው ውሃ መስመር በመስመር ሽቅብ ይወጣ ነበር። «መምህር፣ ጋዙ የትም አልሄደም፤ ውሃው እየጠጣው ነው» አለች። አስቀድመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስኪጠግብ ባሟሟንበት ውሃ ሙከራውን ስንደግም ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። እሷ ግን በዚህ አልረካችም፤ ከጋዙ ጋር የተቀላቀለው የውሃ ትነት በዚያ ሙቀት 24 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ስላለው ከጠቅላላው ግፊት መቀነስ እንዳለበት በጥቁር ሰሌዳው ላይ ለታላላቆቿ አስረዳች። በመምህርነቴ እንዲህ የኮራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አሲዱ በማለቁ የሶዲየም ካርቦኔት ሙከራችን ተቋርጧል። የአየር ግፊት መለኪያ ባሮሜትር ስለሌለንም ግፊቱን 1 አትሞስፌር ነው ብለን ለመውሰድ ተገደናል፤ የክፍሉ ግፊት ከዚያ ዝቅ ካለ ያው ጋዝ ሰፋ ያለ ይዘት ስለሚይዝ ንጽጽሩ ይዛባል። እንዲህ አጥብቀው የሚጠይቁ ልጆች በግምት እንዲለኩ መተዋቸው ተገቢ አይደለም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ወላጆች ለመጪው ዓመት አንድ ባሮሜትር፣ ጋዙን ከውሃ ጋር ሳያነካካ የሚሰበስብ የጋዝ ሲሪንጅና በቂ አሲድ እንዲያሟሉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።