ከ«ተያዘ» በኋላ ያለውንም ጻፉልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስድስት ኪሎ የምማር የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ዶርማችን ውስጥ ማታ ማታ የማያልቅ ሙግት አለ፤ መነሻው በየስልካችን እየተቀባበልን የምናነባቸው የልዕለ ጀግና ኮሚኮች ናቸው። የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን የማስረጃ ሕግ ከምንም በላይ የገባኝ እዚያ፣ አልጋ ላይ ተቀምጠን ስንከራከር ነው።

ባትማን እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ወንጀለኛ ሲያሳድድ ኖሯል። አንዳንዴ ተጠርጣሪውን ከፎቅ ጫፍ ቁልቁል አንጠልጥሎ ተናገር ይለዋል፤ ሰውየውም ይናገራል። የጎንደሯ ጓደኛችን «እውነቱን እስካወጣው ድረስ ምን አጠፋ?» ብላ አጥብቃ ትሟገታለች። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19(5) ግን በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ደግሞስ ፎቅ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ያልገደለውን ገደልኩ ከማለት ምን ያግደዋል?

መያዙ ራሱ አያጣላንም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ፖሊስ ባይሆንም፣ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ያገኘውን ሰው መያዝ ይችላል። ችግሩ ባትማን ሌባውን በገመድ አስሮ ጥሎት መሰወሩ ነው። ማን ሊመሰክር? ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(4)። አንዷ ወዲያው የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ን አነሳችብኝ፤ ማንነቱ ተሸፍኖ የሚመሰክር ሰው አለ አለች። ልክ ናት፤ ያን የሚወስነው ግን ምስክሩ ራሱ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ሌላው የኮሚክ ጀግና ዴርዴቪል ነው። ቀን ጠበቃ ነው፤ ማታ ጭምብል ያጠልቃል። ቀን የቆመለትን ችሎት ማታ በቡጢ ይሽረዋል። ፍርድ ቤት ነጻ ያለውን ሰው ሌላ ቅጣት የሚጠብቀው ከሆነ ፍርዱ ለምን ተሰጠ?

ጉዳዩ ወደ ጋዜጣችሁ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኮሚኩ የሚያልቀው ሌባው ሲታሰር ነው፤ የእናንተም ዜና እንዲሁ። «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ትሉናላችሁ፣ አንዳንዴም ከነፎቶው፤ ከዚያ ዝም። ልደታ ችሎት ለመከታተል ስንሄድ የማየው ገና ከዚያ በኋላ የሚጀምረውን ነው። መርማሪው 14 ቀን ይጨመርልኝ ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ እናት የኋላ ወንበር ላይ ምግብ በፌስታል ይዛ ትጠብቃለች። ልጇ በመጨረሻ በነጻ ቢሰናበት ያንን ማን ያነባል? ጎረቤቱ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ዜና ብቻ ነው፤ ሥራ ሲፈልግም የሚከተለው ያው ዜና ነው። ጥፋተኛ ቢባልም አንባቢው በምን ማስረጃ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ ስንት ዓመት እንደተፈረደበት ማወቅ ይገባዋል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ መያዙን የዘገባችሁትን ሰው ጉዳይ ውሳኔ እስኪያገኝ ተከታተሉ፤ ውሳኔውንም መያዙ በወጣበት ገጽና በዚያው መጠን አውጡ። የሰው ኃይል እጥረት ካነሳችሁ፣ እኛ ለትምህርታችን ችሎት እንመላለሳለን፤ በግልጽ ችሎት የተነበበ ውሳኔ ስንሰማ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ልንጠቁማችሁ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕግ ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ