ለእኛ የሚቀለው የትኛው ነው? የውጭ ቋንቋዎች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የውጭ ቋንቋዎች ክበብ ያለፈውን የትምህርት ዘመን የጀመረው አባላቱ ራሳቸው ባነሡት ጥያቄ ነው። በጥቅምት ወር በተደረገው የምዝገባ ስብሰባ አብዛኞቹ ተማሪዎች ከእንግሊዝኛ ሌላ ቶሎ ሊለምዱት የሚችሉትን አንድ ቋንቋ እንድንመርጥላቸው ጠየቁ። ከታች ክፍል ጀምረው ከእንግሊዝኛ ጋር የታገሉ ልጆች ሌላ ቋንቋ ሲጨምሩ ጊዜያቸው በከንቱ እንዳይባክን መፈለጋቸው ማስተዋል እንጂ ስንፍና አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄውን የዓመቱ ሥራችን አደረግነው።

በቀጣዩ ሳምንት አንድ ተማሪ ከኢንተርኔት የገለበጠውን ሰንጠረዥ ይዞ መጣ። ሰንጠረዡ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን በሚያሠለጥንበት ተቋም ልምድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ቋንቋዎችን በሚወስዱት የክፍል ሰዓት ይመድባል። ስፓኒሽና ጣሊያንኛ ከ600 እስከ 750 ሰዓት፣ ስዋሂሊ ወደ 900 ሰዓት፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ደግሞ ወደ 2200 ሰዓት ይፈልጋሉ። በዚያው ሰንጠረዥ አማርኛም 1100 ሰዓት ያህል ከሚጠይቁት ከባድ ቋንቋዎች ተርታ ተቀምጧል። ይህን ያየች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «እኛ ሳንማር ያወቅነው አማርኛ ለእነርሱ ከባድ ከሆነ፣ ለእነርሱ ከባድ የሆነው ዓረብኛ ለእኛም ከባድ ነው ያለው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሰንጠረዡ የተሠራው እንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱ ሰዎች ነውና፣ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ክበቡ የራሱን መለኪያ ወደ መፈለግ አመራ።

በመጀመሪያ የመዘገብነው አባላቱ በቤታቸው የሚናገሩትን ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤታችን ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች በኮንዶሚኒየም ጎን ለጎን የሚኖሩበት የከተማ ዳርቻ በመሆኑ፣ ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ስልጥኛና ጉራጊኛ የሚናገሩ ልጆች አሉን። ከዚህ በኋላ አባላቱ በዓረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ በኮሪያኛና በቻይንኛ ቡድኖች ተከፈሉ።

ከሁሉ ይበልጥ ፍሬ ያፈራው የዓረብኛው ቡድን ነው። ዓረብኛ እንደ አማርኛና ትግርኛ ሁሉ ሴማዊ ቋንቋ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ቤት፣ ዓይን፣ ደም፣ ስምና ሰማይ የሚሉትን ቃላት ከዓረብኛ ዘመዶቻቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከአራት እስከ አሥር ያሉትን ቁጥሮችም ሲቆጥሩ የሚያውቁትን ሥር በየቦታው ያገኙ ነበር። ከቃላቱም በላይ የጠቀማቸው የግሱ አሠራር ነው። አብዛኛው ግስ በሦስት ተነባቢዎች ላይ ቆሞ አናባቢዎቹን እየለወጠና ቅጥያ እየጨመረ መርባቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪን ብዙ ወራት የሚያደክም ሲሆን፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እርባታ ለተማረ ልጅ ግን እንግዳ ነገር አይደለም። የጉሮሮ ድምፆቹን በተመለከተ፣ በአማርኛ ሐና ሀ፣ ዐና አ በጽሑፍ ብቻ ስለሚለዩ አማርኛ ብቻ የሚናገሩት ሲቸገሩ፣ ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስተካክለው አወጧቸው፤ ለጓደኞቻቸውም አስተማሪ ሆኑ። ቁርአን ቤት የተማሩት ደግሞ ሃያ ስምንቱን ፊደላት በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሲገቡ ከሚይዙት ቅርጽ ጋር አስጠኑ።

የቡድኑ ትልቁ ፈተና የመጻሕፍቱ ዓረብኛና የአፉ ዓረብኛ መለያየቱ ነበር። በታኅሣሥ ወር የአንድ አባላችን እናት ክበቡን ለመርዳት ፈቃደኛ ሆኑ። እርሳቸው በቤይሩት ለዓመታት የሠሩና ቋንቋውን እንደ ልብ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ የማንበብ ዕድል ግን አላገኙም ነበር። ልጆቹ ከመጽሐፍ ያጠኑትን «ከይፈ ሓሉከ» የሚለውን ሰላምታ ሲያቀርቡላቸው፣ በቤይሩት ጎዳና የሚባለው «ኪፋክ» እንደሆነ ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየመጡ ንግግር ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎቹ በበኩላቸው ፊደል ያስጠኗቸው ጀመር። በሰኔ ወር እኒህ እናት ስማቸውንና የልጆቻቸውን ስም በዓረብኛ ጽፈዋል። በዚህ አካባቢ ከዓረብ አገር የተመለሱ፣ ከፍ ያለ የቋንቋ ችሎታ ይዘው በቤት የተቀመጡ ብዙ እኅቶችና እናቶች አሉ፤ ይህ ዕውቀታቸው እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ ትምህርት ቤቶች ቢጋብዟቸው ጥቅሙ ለሁላችንም እንደሆነ በጽኑ አምናለሁ።

ስዋሂሊ ለአማርኛ በዘር ሩቅ የሆነ የባንቱ ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ በላቲን ፊደል እንደሚነበበው ስለሚጻፍ፣ በተለይም በቁቤ ማንበብ የለመዱት አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያለ ችግር አነበቡት። ከዓረብኛ የወሰዳቸው ብዙ ቃላት ስላሉት ሁለቱ ቡድኖች መዝገበ ቃላታቸውን መለዋወጥ ችለዋል። ልጆቹን ከሁሉ ያስደሰታቸው ግን የሰዓቱ አቆጣጠር ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ማለት ልክ የእኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። የከበዳቸው የስሞች ምድብ ነው። አንዱ መጽሐፍ «ኪታቡ»፣ ብዙው «ቪታቡ» ሲሆን፣ ቅጽሉም ተከትሎ «ኪታቡ ኪዙሪ»፣ «ቪታቡ ቪዙሪ» እያለ ይለወጣል፤ ምድቦቹ ብዙ በመሆናቸው ዓመቱ ሁሉንም ለመሸፈን አልበቃም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው ማድረጉና መቀመጫውም በከተማችን መሆኑ፣ ተማሪዎቹ ቋንቋውን ወደፊት ሊሠሩበት እንደሚችሉ እንዲያስቡ አድርጓቸዋል።

ኮሪያኛ የተመረጠው አባላቱ በሚያዩዋቸው ተከታታይ ድራማዎች ምክንያት ነው። በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1446 ለሕዝብ የታወጀው የሃንጉል ፊደል፣ ተነባቢና አናባቢውን በአንድ ቀለም ቤት አጣምሮ ስለሚጽፍ ፊደል ለቆጠረ ልጅ በቶሎ ይገባል። ግሱ እንደ አማርኛ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መምጣቱና ለታላቅ የሚነገረው ለእኩያ ከሚነገረው መለየቱም አልከበዳቸውም። ቃላቱ ግን ከምናውቀው ከማንኛውም ጋር ስለማይዛመዱ እያንዳንዱን በቃል መያዝ ግድ ይላል። ወደ ቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ እያሰቡ ቻይንኛን የመረጡት ደግሞ እስከ ጥር ወር ቆይተው ወደ ሌሎች ቡድኖች ተዛወሩ። ግሱ በጊዜም በሰውም የማይረባ መሆኑ ቢያስደስታቸውም፣ አራቱን የድምፅ ቃናዎች ሰምቶ የሚያርማቸው ሰው በአቅራቢያችን አላገኘንም።

ከዚህ በመነሣት ክበቡ ቋንቋ ለመምረጥ ሁለት ነገሮችን ይመለከታል፤ አንደኛው ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ጋር ያለው ቅርበት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሰፈሩ የሚያናግረው ሰው መኖሩ ነው። በእኔ ግምት ሁለተኛው ይበልጣል። ተማሪዎች ስልክ ይዘው ወደ ግቢ ስለማይገቡ የማዳመጥ ልምምዱ በአብዛኛው የተመሠረተው በአካል በሚገኝ ሰው ላይ ነው፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ በዕረፍት ሰዓት በአራቱ ቋንቋዎች ሰላምታ እንድናሰማ ድምፅ ማጉያውን መፍቀዱም ለዚህ ረድቶናልና እናመሰግናለን።

ለ2018 የትምህርት ዘመን የዓረብኛና የስዋሂሊ ቡድኖች በሁለት ደረጃ ተከፍለው ይቀጥላሉ፤ ኮሪያኛም እንዳለ ይቆያል። ለቤተ መጻሕፍቱ የዓረብኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላትና የስዋሂሊ መማሪያ እንዲገዛ ለርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ አቅርበናል። ምዝገባው የሚካሄደው ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ሲሆን፣ ተመዝጋቢዎች በቅጹ ላይ በቤታቸው የሚነገረውን ቋንቋና ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት የውጭ ቋንቋ የሚችል ሰው ካለ እንዲሞሉ እንጠይቃለን።